ለትንንሽ ጣቶች የሚሆን መጫወቻ፦ የትኛው እጅን ያሠራል?

መጫወቻ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ልጁ ሲጫወት የሚሠራው ማን ነው? መጫወቻው ነው ወይስ የልጁ ጣቶች? አንዴ ሲነኩት የሚዘፍን፣ መብራት የሚረጭ፣ ራሱን ችሎ የሚሽከረከር ነገር ልጁን ተመልካች ያደርገዋል። ጣቱ አንዴ ይጫንና ያርፋል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንጨት ነው፤ ካላነሱት፣ ካላዞሩት፣ ካላስገቡት ምንም አይሆንም። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፣ ያውም አጥብቄ። ከልጆች ጋር ስውል ብዙ ዓይነት መጫወቻ በእጄ አልፏል። እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ጣትን የሚያቀለጥፈው የትኛው እንደሆነ፣ ቦታ ብቻ የሚይዘውም የትኛው እንደሆነ እዚህ ልጻፈው።

ከመጫወቻው በፊት ግን እጁ የት እንደደረሰ ማየት ይቀድማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን መዳፉን ስትነኩት ጣታችሁን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ፈልጎ አይደለም፤ ሰውነቱ በራሱ የሚያደርገው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ቀስ እያለ ይጠፋና በፈቃድ መጨበጥ ይተካዋል። 6 ወር ገደማ ሲሆን ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር ይጀምራል። ከዚያ ትንሽ ነገር ባየ ቁጥር ጣቶቹን ሁሉ አጥፎ ወደ ራሱ ይጠርገዋል። ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ትልቁ ለውጥ ይመጣል፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ተገናኝተው መቆንጠጥ ይጀምራሉ። ወለል ላይ ያለችውን ብናኝ ሁሉ እየለቀመ የሚያስጨንቃችሁ ያኔ ነው። መልቀቅንም የሚማረው በዚሁ ሰሞን ነው። መያዝ ቀድሞ ይመጣል፤ በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ሰዓት መልቀቅ ግን ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ ብዙ ሰውም ልብ አይለውም።

አብዛኞቹ ልጆች 1 ዓመት ሲሞላቸው ዕቃ ወደ ዕቃ ውስጥ ይከታሉ። 15 ወር ላይ ሁለት ኩብ ይደራርባሉ። 2 ዓመት ላይ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ይሠራሉ፣ ለምሳሌ ጣሳውን ይዘው ክዳኑን ያነሳሉ። 2 ዓመት ተኩል ላይ እጀታ ያዞራሉ፣ የተጠመዘዘ ክዳን ይፈታሉ። 3 ዓመት ላይ ትልልቅ ዶቃ በክር ይሰካሉ፣ 4 ዓመት ላይ ክራዮን በጡጫ ሳይሆን በጣቶቻቸው መካከል ይይዛሉ። እርግጥ ልጅ ሁሉ በየራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ይህን ያመጣሁት መጫወቻ ለመምረጥ እንዲረዳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዋቂ ሰው አንድ እጅ 27 አጥንት አለው፣ ከነዚህ ውስጥ 8ቱ የእጅ አንጓ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ እነዚያ 8ቱ ገና ልም አጥንት ናቸው፤ ጠንክረው የሚያልቁት በብዙ ዓመታት ነው። በዚያ ላይ ቁጥጥሩ የሚመጣው ከትከሻ ጀምሮ ወደ ክርን፣ ወደ አንጓ፣ በመጨረሻም ወደ ጣት እየወረደ ነው። ስለዚህ የ2 ዓመት ልጅ እርሳስ በትክክል አልያዘም ብሎ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። በእጅ መዳህ፣ መንጠልጠል፣ ኳስ መወርወር ሁሉ ለጣት መሠረት ነው። መጫወቻው ቀጥሎ ይመጣል።

እሺ፣ ወደ መጫወቻዎቹ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አያስፈልግም። የሚንኳኳ መጫወቻ ከሆነ ቀላልና እጀታው ቀጭን ይሁን፤ በጣም ወፍራም እጀታ ትንሽ መዳፍ ውስጥ አይገባም። ከሁለት ቦታ የሚያዝ፣ እንደ ቀለበት ያለ ነገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ከእጅ ወደ እጅ ማዛወርን ራሱ ይጋብዛል። በቃ።

ከ8 ወይም 9 ወር በኋላ የምመክረው ተደራራቢ ኩባያ ነው። ይህን መጫወቻ በጣም ነው የምወደው። አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ሲገለበጥ ግንብ ይሆናል፣ ውሃ ይቀዳበታል፣ አሸዋ ይሞላበታል፣ ሥሩ ትንሽ ነገር ይደበቅበታል። አንድ ልጅ በ9 ወሩ ሲያጋጨው፣ በ1 ዓመቱ ሲከትበት፣ በ2 ዓመቱ ሲደረድረው፣ በ3 ዓመቱ ውሃ ሳያፈስ ሲገለብጥበት ያው ኩባያ ነው። ስትገዙ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ፕላስቲኩ ሲቆረጥ የቀረ ስለት ካለው ተዉት። ሥሩ ላይ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፣ ውሃም ያንጠባጥባል፣ ተጣብቆ አልላቀቅ የማለት ችግርም አይኖረውም።

ቀለበት በእንጨት ላይ የሚሰካበት መጫወቻም የታወቀ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን አስተውሉ። አንዱ ዘንጉ ከላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ቀለበቶቹ የሚገቡት በመጠናቸው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሌላው ዘንጉ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ ማንኛውም ቀለበት በማንኛውም ተራ ይገባል። ለ1 ዓመት ልጅ ሁለተኛው ይሻላል። እጁ ቀዳዳውን ከዘንጉ ጋር ማገናኘት ገና እየለመደ ነው፤ እዚያ ላይ የመጠን ፈተና ስትጨምሩበት ይሰለቻል፣ ይወረውረዋል። የሚቀጥነውን ከ2 ዓመት በኋላ አምጡለት፣ ያኔ ይደሰትበታል።

ቅርፅ የሚገባበት ሳጥን ደግሞ ብዙ ጊዜ በስህተት ይገዛል። ሻጩም ገዢውም ቅርፅ በበዛ ቁጥር የተሻለ ይመስላቸዋል። 12 ዓይነት ቅርፅ ያለው፣ ኮከቡና አበባው ለአዋቂም የሚምታታ ሳጥን ለሕፃን ምን ይሠራል? ክዳኑን ከፍቶ ሁሉንም በአንዴ ይጨምራል፣ አለቀ። ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ብቻ ያለው በቂ ነው። እዚህ የሚለማው ዋናው ነገር የቅርፅ ስም አይደለም፤ አንጓን ማዞር ነው። ሦስት ማዕዘኑ አልገባ ሲል ልጁ እጁን ጠምዘዝ፣ መለስ፣ እንደገና ጠምዘዝ ያደርጋል። ያቺን ጠምዘዝ ለማየት ብዬ ብቻ ይህን መጫወቻ እመክራለሁ። እባካችሁ ቶሎ እጃችሁን አታስገቡ።

የእንጨት ፐዝል ስትመርጡ እጀታውን ተመልከቱ፣ ስዕሉን አይደለም። ለጀማሪ ሙሉ መዳፍ የሚይዘው ወፈር ያለ እጀታ፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለው ግን በሦስት ጣት ብቻ የሚያዝ ትንሽ እጀታ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት ይህን ጠንቅቃ አስባበታለች። ዛሬም በሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ያሉት፣ ቀዳዳ ባለው የእንጨት መደብ ውስጥ የሚገቡት ባለእጀታ ሲሊንደሮች፣ በየመደቡ 10 የሆኑት፣ እጀታቸው በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመካከለኛው ጣት እንዲያዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጁ ሲሊንደር የሚያስገባ ይመስለዋል፤ እጁ ግን እርሳስ የሚይዙትን ሦስት ጣቶች እያሠለጠነ ነው። ወረቀት የተለጠፈበት ርካሽ ፐዝል ግን ልጁ አፉ ውስጥ ሲከተው ወረቀቱ ይላላጣል፤ ቀለሙ እንጨቱ ላይ የተቀባውን ፈልጉ።

ኩብ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል። ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም ለዓለም የሰጠው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ ለ8 እኩል ኩቦች የተከፈለ አንድ የእንጨት ኩብ ነው። 8 ብቻ! እኛ 100 ፍሬ የሞላ ከረጢት እንገዛና ልጁ ወለል ላይ ዘርግፎት ይሄዳል። ለ15 ወር ልጅ ከ6 እስከ 10 ፍሬ ይበቃል። ጎናቸው ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር የሆኑ፣ ክብደት ያላቸው፣ የማይንሸራተቱ ይሁኑ። በጣም ቀላል የስፖንጅ ኩብ ለአራስ ደህና ነው፤ ለመደርደር ግን አይሆንም፣ ትንፋሽ ይጥለዋል፣ ልጁም ስንት ኃይል መጠቀም እንዳለበት እጁ አይማርም።

ተያያዥ ጡቦችን በተመለከተ ሌጎና ዱፕሎ (የሌጎ ትልልቁ ጡብ) ላይ ያለኝ አስተያየት ግልፅ ነው፤ ጥሩ ናቸው። የዛሬው የሌጎ ጡብ ዓይነት የፈጠራ መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ዱፕሎ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ የትንሹ እጥፍ ስለሆነ ልጅ አይውጠውም፣ ከትንሹ ሌጎ ጋርም ይገጥማል። ሰው የሚያየው መግጠሙን ነው። ለጣት የሚበልጠው ግን ማላቀቁ ነው። ሁለት እጅ በተቃራኒ መጎተት፣ የጣት ጫፍ መጫን፣ ትንሽ መታገል። ዱፕሎ በ18 ወር፣ ትንሹን ሌጎ ደግሞ 4 ዓመት ሲያልፍና አፍ ውስጥ መክተት ሲቀር እላለሁ። ርካሽ ቅጂዎችን ሞክሬያለሁ፤ ከፊሉ ልል ሆኖ ሲነኩት ይፈርሳል፣ ከፊሉ ጠብቆ አዋቂም በጥርሱ ካልሆነ አያላቅቀው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ፍሬ ገጥማችሁ አላቅቁ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አንደኛዬ። ሊጥ። የሚጠቀለለው፣ የሚቦጨቀው፣ የሚደለቀው የመጫወቻ ሊጥ። ከሁሉም መጫወቻ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ያለማመንታት እሱን ነው። ፕሌይ ዶ የሚባለው ታዋቂው ዓይነት መጀመሪያ የተሠራው የግድግዳ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ጥላሸት ለማጽጃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው መጫወቻ ሆኖ የወጣው። ከምንም የማይወዳደርበት ምክንያት መቋቋሙ ነው፤ ጣት ሲገፋው መልሶ ይገፋል፣ ስለዚህ ጡንቻ ይሠራል። መዳፍ ለመዳፍ አድርጎ ኳስ ማድበልበል፣ በጣት ጫፍ ቆንጥሮ ትንንሽ ፍሬ ማድረግ፣ እንደ ገመድ መዘርጋት፣ ውስጡ ዶቃ ቀብሮ ማስወጣት፤ ይህን ሁሉ አንድ ጡጫ የምታህል ሊጥ ታደርገዋለች። አብረው የሚሸጡት መጭመቂያ ማሽኖችና ቅርፅ ማውጫዎች ግን ሥራውን ከጣት ይነጥቃሉ። ሊጡን ብቻ ግዙ፣ ወይ በዱቄት፣ በጨውና በውሃ ቤት ሥሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አብዛኞቹ ስንዴ አላቸው፣ የስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ስንዴ የሌለበትን ፈልጉ። ቤት የሚሠራው ጨው ስለሚበዛበት ደግሞ ሁሉን ነገር የሚበላ ሕፃን ፊት አይቀመጥም። ሊጥ ሲነካ የሚዘገንነው ልጅም አለ። አታስገድዱት፤ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘግታችሁ ከላይ ይጭመቀው፣ ቀስ ብሎ ይለምደዋል።

ዶቃና ክር ከ3 ዓመት ጀምሮ ድንቅ ነው፤ አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ይወጋል፣ ከዚያ ሥራ ይቀያየራሉ። ችግሩ ክሩ ላይ ነው። ልፍስፍስ ክር የሰጣችሁት ልጅ በሁለት ደቂቃ ይተወዋል። ጫፉ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ያህል ጠንካራ የሆነ ክር ፈልጉ፤ ከሌለ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ለጀማሪ ደግሞ ክሩን ተዉትና ዶቃውን በቀጭን ዘንግ ላይ ይሰካ፣ ዘንግ አይታጠፍም።

ወረንጦ፣ የልብስ መቆንጠጫና ተለጣፊ ስዕል መጫወቻ ተብለው ባይሸጡም ከብዙ መጫወቻ ይበልጣሉ። በፕላስቲክ ወረንጦ የጥጥ ኳስ ከሳህን ወደ ሳህን ማዛወር ለ3 ዓመት ልጅ ከባድም አስደሳችም ሥራ ነው። ተለጣፊ ስዕል ልጣጩን ራሱ ያንሳ፤ እናንተ ልጣችሁ ከሰጣችሁት ጥቅሙን ወሰዳችሁበት።

መቀስ ላይ ፍርሃት አለ፣ ይገባኛል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የልጅ መቀስ 3 ዓመት ላይ፣ አዋቂ ባለበት፣ ችግር የለውም። መጀመሪያ ሊጡን ይቁረጥ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ወረቀት፤ ስስ ወረቀት ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥለትም። ልጃችሁ ግራኝ ከሆነ የግራ መቀስ ግዙለት። ይህ ቅንጦት አይደለም። የተራ መቀስ ስለት አቀማመጥ ለቀኝ እጅ ስለሆነ ግራኙ የሚቆርጠውን መስመር ስለቱ ይከልለዋል፣ ወረቀቱም ይታጠፍበታል። ከዚያ “እጁ አይሰላም” ይባላል። እጁ ምንም አልሆነ፤ መቀሱ ነው።

ክራዮን ሲሰበር አትጣሉት። አጭር ቁራጭ በጡጫ ለመያዝ አይመችም፣ ጣቶች ግድ ይሰበሰባሉ። ወረቀቱንም አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፤ ቆሞ ወደ ላይ ሲስል ትከሻው ይሠራል፣ አንጓውም ወደኋላ ቀና ይላል፣ ያ ደግሞ ለመጻፍ የሚያስፈልገው አቀማመጥ ነው።

ብዙ ቁልፍ፣ ዚፕና መቆለፊያ የተገጠመበት ሰሌዳ አሁን ፋሽን ሆኗል። ግማሽ ልቤን ነው የምሰጠው። በትክክል የሚከፈትና የሚዘጋ ዘለበት፣ የሚዞር ብሎን፣ የሚሄድ ዚፕ ካለው ጥሩ ነው። አንዱን ግን ገዝቼ አዝኜበታለሁ፤ ግማሹ ዕቃ በሙጫ የተለጠፈ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ትናንሽ ጎማዎች ወለል ላይ መገኘት ጀመሩ። የገዛ ጃኬቱ ዚፕ ነፃ ነው፣ አይነቀልም፣ ሲዘጋውም ወደ ውጪ ይወጣል።

የሚያበራና የሚያወራውን፣ ታብሌት ላይ “ጣት ያሠለጥናል” የተባለውንም ጭምር፣ አልመክርም። መስታወት ላይ ጣት ማንሸራተት መቆንጠጥ አይደለም፤ ክብደት የለም፣ የሚቋቋም ነገር የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ መጫወቻ አመራረጥ ባወጣው ጽሑፍ ላይም ጥሩ መጫወቻ ውድ ወይም ኤሌክትሮኒክ መሆን እንደሌለበት፣ ቀላሉ እንደሚበቃ ብሏል። ብዛትም አይረዳም። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን ልጆች አንዴ 4፣ አንዴ ደግሞ 16 መጫወቻ ሰጥቶ ተመልክቷቸዋል። 4 ብቻ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ አንዱን ዕቃ በብዙ መንገድ ተጫውተውበታል። ስለዚህ ያለውን ከፋፍላችሁ ደብቁና በየተራ አውጡት፤ የቆየው አዲስ ይሆናል።

ደህንነት ላይ አልደራደርም። ጥቅሉ ላይ “ከ3 ዓመት በላይ” የሚለውን ብዙ ወላጅ የብልህነት መለኪያ አድርጎ ያየውና “የኔ ልጅ ፈጣን ነው” ብሎ ይገዛዋል። ጽሑፉ ስለ ማነቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሚሸጥ መጫወቻ የሚፈተነው ስፋቱ 3.17 ሳንቲሜትር በሆነ ሲሊንደር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባ ነገር አይፈቀድም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ቀይ ክብ ውስጥ 0-3 የሚል የተሰረዘ የሕፃን ፊት አለ። ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን ካርቶን ተጠቀሙ፤ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ይበልጥ ያስጠነቅቃል። በሱ ውስጥ ያለፈ ነገር ለሕፃን አይሰጥ። ማግኔትን በጣም ፍሩት፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀት መካከል ሆነው ይሳሳባሉ፣ ይበሳሉ። ትንሿ ክብ የሰዓት ባትሪ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ ከተጠረጠረም በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሐኪም ካነሳሁ አይቀር፦ ልጃችሁ 1 ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ችላ ካለ፣ ወይም አንዱ እጁ ሁልጊዜ ተጨብጦ ከቀረ አሳዩት። የቀኝና የግራ ምርጫ ጎልቶ የሚወጣው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በጣም ቀድሞ መጉላቱ መታየት አለበት። መጫወቻ በመቀያየር የሚፈታ ነገር አይደለም።

ሰው የተጠቀመበትን መውሰድ ምንም ነውር የለውም፣ እንጨት ሲያረጅ ይለሰልሳል። ቀለሙን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፣ ከተላላጠ ይቅር፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስንጥርና ስንጥቅ ፈልጉ። የላላ ብሎን አጥብቁ፣ ረጅም ገመድ ቁረጡ። ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን እዩ፤ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ በነፃም ቢሰጡኝ አልወስደውም።